ትንሽ አሳስቦኛል

ለስላሳን የማያውቅ ሰው የሆስፒታላችንን ደጃፍ አልረገጠም ማለት ነው። እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም፤ ያወጣሁላት እኔው ነኝ። ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰው ስም ከማውጣት ሌላ ምን መዝናኛ አለው? ለስላሳ ያልኳት ክፉ ወሬ በእሷ አፍ ሲያልፍ ልዝብ ብሎ ስለሚወጣ ነው። ሐኪሙ ፊቱን አጨፍግጎ የተናገረውን እሷ ስትተረጉመው፣ በሽተኛው «እግዜር ይስጥሽ» እያለ ፈገግ ብሎ ሲወጣ ስንቴ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

ሥራዋ ማስተርጎም ነው። ሆስፒታላችን ከባሕር ማዶ የሚመጡ ሐኪሞች አይለዩትም። እነሱ በእንግሊዝኛ ይናገራሉ፣ እሷ ወደኛ ትመልሳለች፤ እኛ እናወራለን፣ እሷ ወደነሱ ታሻግራለች። ስትናገር እጆቿን ሆዷ ላይ አጣምራ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ነው። ነጭ ጋዋኗ ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ ይጎድለዋል፤ ልስፋልሽ ብላት «ተይው፣ ማን ያየኛል» ትላለች።

ሰው ሲደነግጥ ማየት አትችልም። አይፈረድባትም። ልጅ ሳለች የአባቷን ሞት ያረዳት አጎቷ ነው፤ ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ልጆቹ ሁሉ እያዩ፣ «አባትሽ ሞቷል፣ ነይ እንሂድ» ብሏት እርፍ። እዚያው ወደቀች። ግንባሯ ላይ ያለው ጠባሳ ያኔ የቀረ ነው። «ሰው ከኔ አፍ እንዲህ ያለ ነገር እንዲህ አድርጎ አይሰማም ብዬ የማልኩት ያን ቀን ነው» ብላኛለች። እኔ ምላሴ እሳት ነው፤ ይህን ስትነግረኝ ግን ሆዴ ባባ። ጓደኛሞች የሆንነውም ከዚያ ወዲህ ነው።

ታዲያ አንድ ጊዜ የእንግሊዝኛ ዘይቤ ካላጠናሁ ብላ ተነሣች። ምክንያቱ አንድ ሐኪም ነው። ስለ አንድ አናጢ በሽተኛ «ገና ከጫካው አልወጣም» ይላታል። እሷ ሰውየው እንጨት ሊቆርጥ ሄዶ ይሆናል ብላ ግቢው ውስጥ ስትፈልገው ዋለች፤ ለካ ሐኪሙ ገና ከሞት አፍ አልወጣም ማለቱ ኖሯል፤ ሰውዬው አልጋው ላይ ተኝቶ እያጣጣረ ነው! አፈረች። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ገዝታ መጣች፤ በየምሳው ሰዓት ካርድ ክፍል እኔ አጠገብ ቁጭ ብላ ስትገልጥ ትውላለች። አነጻጻሪ ነው፣ ተለዋጭ ነው፣ ሰውኛ ነው፣ ግነት ነው… ጆሮዬን አደነቆረችው።

የኔ እንግሊዝኛ ከ«ጉድ ሞርኒንግ» አያልፍም፤ አፌ ግን ዝም አይልም።

«ኧረ በራብ ሞትኩ!» ስል፣

«ግነት» ትላለች፣ ዓይኗን ከመጽሐፉ ሳታነሣ።

«ይሄ አለቃችን ደሜን መጠጠው!»

«ተለዋጭ።»

«ወንበሩ ራሱ ሰልችቶኛል እያለ ነው!»

«ሰውኛ።»

«አንቺ! ነፍሴ ልትወጣ ነው እያልኩሽ ስም ታወጪልኛለሽ?»

«ስም ማውጣት ከማን ተማርኩ?» ትለኝና ሁለታችንም እንስቃለን።

በዚያው ሰሞን የልብ ሐኪም መጣ። እንግሊዛዊ ነው፤ ቁመቱ የበሩን ጉበን ስለሚነካ ረጅሙ እንለው ነበር። ድምፁን ከፍ አያደርግ፣ አይቆጣ፣ እጁን አያወናጭፍ። ለስላሳ ሌት ተቀን ያጠናችውን ዘይቤ ከእንግሊዝ አፍ ልትሰማ ጓጉታ ገባች፤ ከንፈሯን ጥላ ወጣች።

«ምነው?» አልኳት።

«ምንም የለውም ባክሽ። ንግግሩ ሜዳ ነው። እንደ አንበሳ አይል፣ እንደ ነፋስ አይል። ትንሽ፣ ምናልባት፣ ባይሆን… በቃ። መጽሐፉን በከንቱ ነው የፈጀሁት።»

«ታዲያ ተገላገልሽ!»

«እሱስ ተገላገልኩ» አለች።

መጽሐፏ መጨረሻ ላይ አንድ አጭር ምዕራፍ ነበረች፤ ትልቁን ነገር አሳንሶ ስለመናገር። አንብባታለች። ግን የሚያብረቀርቅ ነገር ስላላየችባት ገልጣ አለፈቻት። ይህን የነገረችኝ ኋላ፣ ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ወንድም ጋሼ ልምጣ። ታላቄ ነው፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ያቺን አውቶቡስ «እመቤት» ይላታል፤ ጠዋት ጠዋት መስተዋቷን በገዛ መሐረቡ ሲወለውል ለሚስቱ እንዲህ ባደረገላት ያሰኛል። መሪ ከያዘ ስልክ አያነሣም፤ ዘግቶ ከመቀመጫው ሥር ይወረውረዋል። «እጄ ላይ ያለው ስንት ነፍስ ነው» ይላል። ይህን ባሕሪውን ሁላችንም እናውቃለን፣ እንኮራበትም ነበር።

አንድ ቀን ቤቴ ሲመጣ ደረጃዬ ላይ መሐል ቆሞ ደረቱን ሲደግፍ አየሁት። «ምን ሆነሃል?» ስለው «ደረጃሽ ነው የረዘመው» ይለኛል። በሌላ ቀን ደግሞ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ብሎ ዓይኑ ጨለመበት። በቃ፣ ጎትቼ ሆስፒታል አመጣሁት። መስኮቴን ለሌላ ሰው ሰጥቼ የረጅሙ ሐኪም ክፍል ድረስ አብሬው ገባሁ። ለስላሳ ነበረች። ደስ አለኝ፤ የራሴ ሰው ናት ብዬ።

ረጅሙ ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። በመሣሪያም አየው። ከዚያ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠና በዚያ በቀዝቃዛ ድምፁ ተናገረ። ያኔ አልገባኝም፤ ኋላ ለስላሳ ቃል በቃል ስትነግረኝ ያለው ይህን ነው፦ «በዚህ ልብ እጅግም ደስተኛ ነኝ ለማለት አልችልም። የልቡ በር ጠቧል። ትንሽ አሳስቦኛል። መኪና ባይነዳ እመርጣለሁ፤ ዛሬ እኛ ዘንድ ቢተኛም ክፉ ሐሳብ አይመስለኝም።»

ለስላሳ ወንድም ጋሼን አየችው። ላብ አጥምቆታል፤ የኮቱን ኮሌታ ጨምድዶ ይዞ አፍ አፏን ያያል። እኔም አያታለሁ። አንገቷን ሰበር አደረገች።

«አይዞዎት ጋሼ» አለችው። «የልብዎ በር ጠበብ ብሏል ነው የሚለው፤ ትንሽ ሐሳብ ብጤ ገብቶታል እንጂ ከባድ ነው አላለም። ከመንዳት አረፍ ቢሉ ይወዳል። ከተመቸዎት ዛሬ እዚህ ቢተኙም አይከፋም።»

«ካልተመቸኝስ? ከምሳ በኋላ መስመር አለብኝ።»

ዞራ ዶክተሩን መጠየቅ ነበረባት። ግን በኮሪደሩ ሌላ ሐኪም ስሟን እየጠራ ነው፤ ደግሞም ወንድም ጋሼ ገና መተንፈሱ ነው፤ ያንን ትንፋሽ መልሳ ልትነጥቀው አልጨከነችም።

«እንግዲህ… እንዳመቸዎት ነው ጋሼ» አለችው።

ወንድም ጋሼ ብድግ ብሎ የረጅሙን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ፤ ራሱን እየነቀነቀ አመሰገነው። ረጅሙም ሰውየው ለመተኛት እሺ ያለ መስሎት፣ ለነርሷ አልጋ እንድታዘጋጅ ነገራትና ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሄደ። እኔስ? እኔ ሞኟ ግቢው ውስጥ ሻይ ጋብዤው፣ ጉንጩን ስሜ ሸኘሁት። «አየሽ? ደረጃሽ ነው አላልኩሽም?» እያለ ሄደ።

ከምሳ በኋላ ነው ለስላሳ ወደ መስኮቴ ስትሮጥ ያየኋት። ያቺ ሴት ሮጣ አታውቅም።

«ጋሼ የት ናቸው?»

«የት ይሆናል፣ ሥራው ላይ ነዋ! ምን ሆነሻል?»

«ደውይላቸው።»

«መሪ ከያዘ እንደማያነሣ…»

«ደውይ እልሻለሁ!»

ደወልኩ። ዝግ ነው። ለስላሳ የመስኮቱን ብረት ይዛ ነገረችኝ። ረጅሙ ከቀዶ ጥገናው ወጥቶ አልጋውን ለማየት ይሄዳል፤ አንሶላው እንደተነጠፈ፣ ሰው የለም። ሾፌሬ የት አለ ሲላት ሥራ ሄዱ ትለዋለች። «ይሄ ትንሽ አይመችም» አለ። ድምፁ ያው ነው። ግን መነጽሩን ሲያወልቅ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እጁን ሳይ ነው ብርክ የያዘኝ» አለች ለስላሳ። «እና ጠየቅሁት። ወንድምዎ ቢሆኑ ዛሬ ይነዱ ዘንድ ይፈቅዱላቸዋል ወይ አልኩት።»

«እና?»

«ወንድሜ ቢሆን ደረጃ እንኳ አላስወጣውም አለኝ። መሪ ላይ እንዳሉ ራሳቸውን ሊስቱ፣ ሊሞቱም ይችላሉ አለኝ።»

«ጠዋት ትንሽ ነው አላለም እንዴ?!»

«ትንሽ ያለው እኮ ትልቁን ነው! እሱ አሳንሶ ሰጠኝ፣ እኔ ደግሞ ይበልጥ አሳንሼ ሰጠኋችሁ። መሐል ላይ ጠፋ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

አልራራሁላትም። እውነቱን ልናገር፣ በሰው ፊት ወረድኩባት። «አንቺ አፈ ቅቤ! ወንድሜን በምላስሽ ልትገይው ነው!» አልኳት። የተሰለፈው በሽተኛ ሁሉ ዞሮ አየን። እጄን ይዛ ወደ በሩ ጎተተችኝ።

ታክሲ ውስጥ አንዴም አልተያየንም። መንገዱ ተዘጋግቷል፣ ሁሉም ጥሩምባውን ይነፋል፣ እኔ እግሬን መሬቱ ላይ እቀጠቅጣለሁ፤ እኔ ብነዳ ኖሮ በሰው አናት ላይ በሄድኩ። ስልኩን እደውላለሁ፣ ዝግ ነው። እደግማለሁ፣ ዝግ ነው። እንግዲህ ያኔ ነው የገረመኝ። እኛ ሻይ ሲፈጀን ሞትን እንላለን፤ ረጅሙ ሰው ሊሞት ሲል ትንሽ አልተመቸኝም ይላል። እኔ ቀኑን ሙሉ ስሞትና ስነሣ እውላለሁ፤ ያን ጊዜ ግን የምለው ጠፋኝ። ልቤ ወለቀ ልል አሰብኩና ለስላሳ ስም እንዳታወጣለት ፈራሁ። እሷ እንኳን ስም ልታወጣ፣ ከንፈሯን ነክሳ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ታያለች።

መናኸሪያው ስንደርስ የእመቤት ቦታ ባዶ ነው። መሬቱ ላይ የዘይት ጠብታ ብቻ። ለስላሳ ክንዴን ይዛ ስምሪት ክፍል አስገባችኝ። ስምሪቱ፣ አውቶቡሶቹን የሚያሰማራው ወፍራሙ ሰውዬ፣ ያውቀኛል፤ ነገሩን ስነግረው የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ።

«ገና ገደሉ ጋ አልደረሰም» አለ። «ግን ይደርሳል።»

ገደሉን ሁሉም ሾፌር ያውቀዋል፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል የሚወርድበት ቦታ ነው፣ ወንድም ጋሼ ራሱ «እዚያ ጋ መተንፈስ ክልክል ነው» ይል ነበር።

«ስልክ አያነሣም!» አልኩ።

«እሱ ባያነሣ ጡሩምባ ያነሣል።»

ጡሩምባ የሚሉት ሌላ ሾፌር ነው፤ በዚያው መስመር ወደ ከተማ እየመጣ ነበር። ሾፌሮች ደንብ አላቸው። ፊት ለፊት የሚመጣው መብራቱን ደጋግሞ አብርቶ መዳፉን በመስኮት ወደ መሬት ከጫነ፣ ወዲያ የሚሄደው ምንም ይሁን ምን ዳር ይዞ ይቆማል። ያለ ነገር አይደረግም። ስምሪቱ ደወለለት፣ ነገረው፣ «ስልክህን ለእሱ ስጠው፣ እንዳትዘጋው» አለው፤ ከዚያ ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

መጠበቅ ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ከስልኩ የሚሰማው የጡሩምባ አውቶቡስ ሞተር ድምፅ ብቻ ነው። ስምሪቱ ግድግዳው ላይ ያለውን የመንገድ ካርታ ያያል። ለስላሳ ቆማ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ መሰለኝ የምትለውን ትለማመዳለች። አንድ ጊዜ ጡሩምባ «መጣ፣ መጣች እመቤት!» ብሎ ሲጮህ፣ ወዲያው የመኪና ጥሩምባ ተነፋ፣ ፍሬን ጮኸ። በቃ ተገለበጠ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ቆይቶ የሰው ኮቴ ተሰማ፣ ከዚያም የወንድም ጋሼ ድምፅ።

«ሃሎ? ምንድን ነው? ቤቱ ተቃጠለ?»

አፌን ከፈትኩ፤ ከለቅሶ በቀር የሚወጣ ነገር የለም። ስልኩን ወደ ለስላሳ ገፋሁት። «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው፣ አንቺው አስተካክዪ» አልኳት።

«ጋሼ… እንደምን ዋሉ?» አለች። «ደህና ነዎት?»

ጠረጴዛውን በጡጫ ነረትኩት።

«ደህና ነኝ ልጄ። ምነው? ሰው ቆሞብኛል እኮ።»

«ምንም አይደል ጋሼ፣ ትንሽ…» አለችና ቆመች። ትንሽ የምትለዋን ቃል መልሳ ስትውጣት አየሁ። ግንባሯን ያዘች፤ ጠባሳዋን። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ተናገረች፤ እንዲያ ያለ ድምፅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም።

«ጋሼ፣ ከመኪናው ይውረዱ። ከነዱ ይሞታሉ። የያዙት ሰው ሁሉ አብሮዎት ይሞታል።»

ከስልኩ የእመቤት ሞተር ሲያጓራ ይሰማል።

«ማነው እንዲህ ያለው?» አለ ወንድም ጋሼ።

«ዶክተሩ።»

«ጠዋት እንዲህ አላለም እኮ።»

«ብሏል ጋሼ። ያልነገርኩዎት እኔ ነኝ።»

«እሺ» አለ ወንድም ጋሼ። የእመቤት ሞተር ሲጠፋ ሰማን፤ ከዚያ ድንጋይ ጎማ ሥር ሲገባ። ይህን ራሱ ነው ያደረገው፤ ለማንም አይተውም። ስምሪቱ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ጡሩምባ ከራሱ ተሳፋሪዎች ጋር ወደ ከተማ አመጣው፤ ለእመቤት ሌላ ሾፌር ተላከ።

በማግስቱ ቀዶ ጥገና ሆነለት። እኔና የወንድሜ ሚስት ኮሪደሩ ላይ፣ ለስላሳ ራቅ ብላ ግድግዳውን ተደግፋ። ከሰደብኳት ወዲህ አልተነጋገርንም። የወንድሜ ሚስት መቀመጥ አልቻለችም፤ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ በሩን ታያለች። እኔም በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ እላለሁ። በመጨረሻ ረጅሙ ጭንብሉን አውርዶ ወጣ። አጭር ነገር ተናገረ። ሁለታችንም ወደ ለስላሳ ዞርን።

አልተረጎመችም።

«ምን አለ?» አልኳት።

«ከዚህም ሊከፋ ይችል ነበር አለ» አለችና ወደኛ ሳትዞር ለዶክተሩ በእንግሊዝኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች። ጥያቄ ነው፤ ከአንገቷ ያስታውቃል፣ ቀጥ ብሏል። ረጅሙ ትንሽ አሰበ፣ ሲመልስላት ድካም ያጠላበት ፊቱ ፈታ አለ።

«ወንድምዎ ቢሆኑስ ብዬ ጠየቅሁት» አለች ለስላሳ ወደኛ ዞራ። «ወንድሜ ቢሆን አሁን ቤቴ ገብቼ ያለ ሐሳብ እተኛ ነበር ይላል። ጋሼ ይድናሉ።»

የወንድሜ ሚስት እዚያው ወለሉ ላይ ተንበረከከች። እኔ ለስላሳን አንገቷን አንቄ አለቀስኩ። ይቅር በይኝ አላልኳትም፤ አፈ ቅቤ ያልኳትን ግን ከዚያ ወዲህ ደግሜው አላውቅም።

ወንድም ጋሼ ተቀምጦ መብላት ሲጀምር ረጅሙ ሊያየው መጣ። ለስላሳ አጠገቡ ቆመች፣ እኔ እግርጌ ተቀምጫለሁ። ወንድም ጋሼ ትራሱን ተደግፎ፣ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ፣

«በዪ ጠይቂልኝ፤ እመቤትን መቼ ነው የምይዘው?» አላት።

ጠየቀችው። ረጅሙ ጫማውን እያየ ብዙ ተናገረ፤ ድምፁ ለዘብ ያለ ነበር። እሷ አዳመጠች። ያን የፈረደበትን «ወንድምዎ ቢሆኑስ» የሚል ጥያቄዋን ጨመረችበት፤ እሱም በአንድ ቃል መለሰላት።

ለስላሳ እጆቿን ከሆዷ ላይ አነሣች፤ የወንድም ጋሼን እጅ ያዘች።

«አውቶቡስ ከእንግዲህ አይነዱም ጋሼ» አለችው።

«ለስንት ጊዜ?»

«ለሁልጊዜ።»

ወንድም ጋሼ ወደ መስኮቱ ዞረ። ያ ያሳደገኝ ሰው፣ አንድ ቀን ሲያለቅስ አይቼው የማላውቀው፣ አገጩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረና፣ እንደ ልጅ እየለመነ፣

«እስቲ ትንሽ አለስልሺልኝ እንጂ፣ ልጄ» አላት።

ለስላሳ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ እጁን አልለቀቀችም።

«አይነዱም ጋሼ» አለችው።